«9ቱ ፋይሎች» ወይስ «9ኙ ፋይሎች»?

ጥያቄ፦ በጃቫስክሪፕት የሠራሁት ገጽ ተጠቃሚው የመረጣቸውን ፋይሎች ቆጥሮ «5ቱ ፋይሎች ተሰርዘዋል» ይላል። ኮዱ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁልጊዜ «ቱ» ስለሚለጥፍ «9ቱ»፣ «20ቱ» የሚል ጽሑፍም ይወጣል። ጓደኞቼ ስሕተት ነው ይላሉ። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ «5 ፋይል» ይባላል ወይስ «5 ፋይሎች»?

መልስ፦ ጓደኞችዎ ልክ ናቸው። «9ቱ» ተብሎ ቢጻፍም አንባቢ ጮክ ብሎ ሲያነበው «ዘጠኙ» ማለቱ አይቀርም። ስሕተቱ የመጣው «ቱ» ራሱን የቻለ ቅጥያ ስለመሰለዎት ነው። የታወቀ ነገርን የሚያመለክተው ቅጥያ «ኡ» ነው፤ «አምስቱ» ውስጥ ያለችው «ት» የቁጥሩ የራሱ ፊደል ናት። ከሁለት እስከ ስምንት ያሉት ሁሉ በ«ት» ስለሚያልቁ ሌላውም እንደዚያው ይመስላል። አንድ ግን «አንዱ»፣ ዘጠኝ «ዘጠኙ»፣ ዐሥር «ዐሥሩ» ይሆናል። ከሃያ እስከ ዘጠና ያሉት ዐሥሮችና መቶ በአናባቢ ስለሚያልቁ «ው» ይወስዳሉ፦ «ሃያው»፣ «ዘጠናው»፣ «መቶው»። («ዐሥርቱ ትእዛዛት» የግእዝ አቆጣጠር ስለሆነ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም።)

ወሳኙ እንግዲህ ቁጥሩ ሲነበብ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ቃል ነው። 21 «ሃያ አንዱ»፣ 109 «መቶ ዘጠኙ» ነው። ይህን ደግሞ የማካፈልን ቀሪ የሚሰጠው የ% ምልክት በቀላሉ ያገኝልዎታል። መጀመሪያ ለ100 አካፍለው ቀሪውን ይዩ፤ 10 ከሆነ «ሩ» ነው። ካልሆነ ለ10 ያካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ «ዱ»፣ 9 ከሆነ «ኙ»፣ 0 ከሆነ «ው»፣ ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ «ቱ» ነው። ለድፍን ሺዎች «ሺው»ም «ሺሁ»ም ስለሚባል «ው» ይበቃል። ድፍን ሚሊዮኖች ካጋጠሙዎት ግን «ሚሊዮኑ» ነውና «ኑ» ይጨምሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከቅጽ ሳጥን የሚመጣ ዋጋ ቁጥር ቢመስልም ስትሪንግ፣ ማለትም ተራ ጽሑፍ ነው። «9» ላይ በ+ 1 ሲጨምሩ 10 ሳይሆን «91» ይወጣል፤ ገጹም «91ዱ ፋይሎች» ብሎ ያርፈዋል። % ግን ስትሪንጉን በራሱ ወደ ቁጥር ስለሚለውጥ ጥፋቱ ቶሎ አይታይም። ስለዚህ ዋጋውን ገና ሲገባ ወደ ቁጥር ይለውጡት፤ ባዶ ሳጥን በዚህ ለውጥ 0 እንደሚሆንም ያስታውሱ። ሺዎችን የሚለየው ኮማ የሚገባው ደግሞ ስሌቱ ካለቀ በኋላ ነው። «1,209» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ቀሪውን ቢጠይቁት መልሱ ናን (NaN፣ «ቁጥር አይደለም» ማለት ነው) ይሆናል፣ ከየትኛውም ምርጫ ጋር አይገጥምም፣ እና ተመልሰው «1,209ቱ» ላይ ይወድቃሉ።

0ን ለብቻው ይያዙት። ቀሪው 0 ስለሆነ ዝም ካሉት «0ው ፋይሎች» ያወጣል፤ አማርኛው «ምንም ፋይል አልተሰረዘም» ነው። ግሡም አሉታዊ መሆን አለበት። በብሮውዘር ውስጥ ያለው የብዙ ቁጥር መለያ፣ ኢንትል ፕሉራልሩልስ የሚባለው፣ ለአማርኛ 0ንና 1ን በአንድ ምድብ ስለሚያስቀምጥ በእሱ ብቻ አይተማመኑ። 1 ሲሆንም ቁጥሩን ይተዉት። «1ዱ ፋይል» ከብዙዎቹ አንደኛው የሚል ስሜት ስላለው «ፋይሉ ተሰርዟል» ይበቃል።

«5 ፋይል»ም «5 ፋይሎች»ም ትክክል ናቸው። ቁጥሩ ራሱ ብዛትን ስለተናገረ ስሙ ነጠላ ቢሆን ምንም አይጎድለውም፤ እኔ ለቁልፍና ለአጭር መልእክት ነጠላውን እመርጣለሁ። ግሡ ግን ስሙን ይከተል፦ «5 ፋይል ተሰርዟል»፣ «5 ፋይሎች ተሰርዘዋል»። ለሰው ሲሆን «5 ሰዎች ተመዝግበዋል» የተሻለ ነው። ቅጥያው ከቁጥሩ ላይ ካለ ብዙ ቁጥሩን አይተዉ፤ «9ኙ ፋይል» ጎዶሎ ነው። ተሳቢ ሲሆን «ን» ከቅጥያው በኋላ ትገባለች፦ «9ኙን ፋይሎች ልሰርዝ?»

ደረጃ የሚያሳየው «ኛ» ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልገውም። አንደኛ፣ ዘጠነኛ፣ ሃያኛ፣ መቶኛ ሁሉም በእሱ ስለሚያልቁ ከማንኛውም ሙሉ ቁጥር ጋር እንዳለ ይለጥፉት።