ድንገት ፊት ሲጠም፦ ጥያቄና መልስ

ከቡሬ፦ ወንድሜ ጠዋት ሲነሳ ግራ ፊቱ ጠሞ ተገኘ። ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ እያሸው ነው። ፊዚዮቴራፒ (የእንቅስቃሴ ሕክምና) ይጀምር?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ከፊዚዮቴራፒው በፊት ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ግንባሩን ያኮማትር በሉት። በታመመው በኩል ግንባሩም ዓይኑም እምቢ ካለ ችግሩ የፊት ነርቭ ላይ ሊሆን ይችላል። ግንባሩ እየታዘዘ አፉ ብቻ ከጠመመ፣ ወይም እጁ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓትም አይዘግይ። ለነርቩ ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ስኳር ካለበት አስቀድሞ ይናገር፤ መድኃኒቱ ስኳር ከፍ ያደርጋል። የዳማከሴው ጭማቂ የማይከደነው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ።

ከሞጣ፦ እህቴ ስትተኛ ዓይኗ ገርበብ ብሎ ያድራል። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ ከፊት እንቅስቃሴው ሁሉ የሚቀድመው ዓይኗን መጠበቅ ነው። ፊት በጊዜው ሊመለስ ይችላል፤ የደረቀ ብሌን ከቆሰለ ግን ጠባሳው ይቀራል። ቀን በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማታ የዓይን ቅባት። ከዚያ ቆቧን በጣት ቀስ አድርገሽ ከድኚና በሕክምና ፕላስተር ያዥው። ገርበብ ባለ ዓይን ላይ ጨርቅ አትሰሪ፤ ብሌኑን ይፍቀዋል። ከውቂያ እብቅና ከማድቤት ጭስ ትራቅ፤ ስትወጣ መነጽር ታድርግ። ዓይኗ ከቀላ፣ ካመማት ወይም ብዥ ካለባት ወደ ዓይን ሐኪም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ማስቲካ በኃይል አኝክ ተብያለሁ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የማኘኪያ ጡንቻ የሚታዘዘው በአምስተኛው ነርቭ ነው፤ የታመመብህ ሰባተኛው፣ ማለትም የፊት ነርቭ ነው። መስታወት ፊት ተቀመጥ። ቅንድብ አንሳ፣ ዓይንህን በቀስታ ክደን፣ አፍንጫህን ሸብሽብ፣ ጥርስህን ሳታሳይ ፈገግ በል፣ ከንፈርህን አሞጥሙጥ። እያንዳንዱን ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ገና ምንም ካልተንቀሳቀሰ የደከመውን ጎን በጣትህ እያገዝክ፤ ደህናው ጎን ሲጎትት ደግሞ በመዳፍህ ያዘው። ትልቁ ጥፋት በጉልበት መሥራት ነው። ነርቩ ሲያገግም አንዳንዱ ጭራ መንገድ ስቶ ሌላ ጡንቻ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ፈገግ ስትል ዓይንህ ይጨፈናል። ይህ ከታየ ፈገግታህን አሳንስ፤ ዓይንህ መጥበብ ሲጀምር አቁም፣ አሳርፈው፣ እንደገና ጀምር።

ከዳንግላ፦ በኤሌክትሪክ ማነቃቃትስ?

መልስ፦ አልመክረውም፤ ጥቅሙ በበቂ አልተረጋገጠም። ገንዘቡ ለዓይን ጠብታ ይዋል።

ከፍኖተ ሰላም፦ እስከ መቼ እንጠብቅ?

መልስ፦ አብዛኛው ሰው በ3 ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያያል። እስከ 3 ወር ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም እየባሰ ከሄደ፣ እንደ እጢ ያለ ሌላ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል እንደገና ይመርመር። ጆሮው ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ ግን መጠበቅ የለም፤ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ፀረ ቫይረስ ቶሎ ይፈልጋል።