ጀስቲን ስትከሰስ ቪክተር የት ነበር?

ልጆች፣ ለሙያችን የሚጠቅም መጽሐፍ ጠቁሙን ስትሉኝ የኬሚስትሪ መማሪያ ጠብቃችሁ ነበር አይደል? እኔ ግን «ፍራንከንስታይን»ን አንብቡ ነው የምላችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ሆኜ ነው ፀጉሬ የሸበተው፤ ይጠቅማል ስላችሁ እመኑኝ።

ሜሪ ሼሊ ልቦለዱን ስትጀምር ገና 18 ዓመቷ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1818 ለንደን ሲታተም ስሟ እንኳ አልወጣበትም። ነገሩ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በ1803 ጆቫኒ አልዲኒ የሚባል ጣሊያናዊ እዚያው ለንደን በስቅላት የተቀጣ ሰው አስከሬን ላይ ኤሌክትሪክ ለቆ፣ መንጋጋው ሲንቀጠቀጥና አንድ ዓይኑ ሲገለጥ አሳይቷል።

የልቦለዱ ዋና ሰው ቪክተር ፍራንከንስታይን የሚባል ተማሪ ነው፤ ከአስከሬን ክፍሎች ሕያው ፍጡር ይሠራል። ብዙ ሰው የቪክተር ጥፋት የእግዜርን ሥራ ልሥራ ማለቱ ነው ይላል። እኔን የማወቅ ጉጉቱ አያስፈራኝም። ኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሥራው ውስጥ ሲጠመድ ለቤተሰቡ መጻፍ ተወ። ለመምህሮቹም አልተነፈሰም። ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ደግሞ አስጠላኝ ብሎ ጥሎት ሄደና ተኛ! (እኛ ጋ ማሽን ሳያጠፋ የወጣ እንኳ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል።)

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የጀስቲን ነገር ነው። ፍጡሩ የቪክተርን ትንሽ ወንድም ይገድልና፣ ሕፃኑ አንገት ላይ የነበረውን የእናቱን ሥዕል የቤቱ ሠራተኛ ጀስቲን ልብስ ውስጥ ይደብቃል። ልጅቷ ትከሰሳለች። ቪክተር ገዳዩን ያውቃል። ችሎቱ ውስጥ አለ። ብናገር እብድ ይሉኛል ብሎ ዝም አለ። ሰቀሏት።

እዚህ ስትደርሱ ቆም በሉ። ናሙና ሲቀያየርባችሁ፣ ውጤት ሲሳሳትባችሁ፣ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ «ስሜ ይጠፋል» የሚል ሐሳብ ነው። የዚያኑ ዕለት ተናገሩ። በማግስቱ ይከብዳል፤ በሳምንቱ ሌላ ሰው ተጠይቆበት ታገኙታላችሁ።

የደራሲው የስቲቨንሰንን የዶክተር ጄኪል ታሪክም ጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ አጭር ሥራ ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። ጄኪል ወደ ሌላ ክፉ ሰው የሚለውጠውን መድኃኒት ራሱ ላይ ይሞክራል፤ መድኃኒቱ እምቢ ሲለው የሚቀመምበትን ጨው ፍለጋ በለንደን ሙሉ ሰው ያሯሩጣል። በኋላ ነው የገባው፤ የመጀመሪያው ጨው ንጹሕ አልነበረም፣ መድኃኒቱን ያሠራው ምንነቱን የማያውቀው ባዕድ ነገር ኖሯል። ያንን ነው ሲጠጣ የከረመው!

ወደ «ፍራንከንስታይን» ልመለስ። ቪክተር ታሪኩን የሚያወራው በመርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ለሚጓዝ ዋልተን ለሚባል ሰው ነው። መርከቧ በበረዶ ስትያዝ መርከበኞቹ መንገድ ከተከፈተ እንመለስ አሉ። ዋልተን እያረረም ቢሆን እሺ አላቸው። ቪክተር ግን ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ እንኳ ፈሪዎች ናችሁ ብሎ ይቆጣቸዋል። መጨረሻ ላይ ዋልተንን ከትልቅ ምኞት ራቅ ብሎ ይመክረዋል፤ አፍታም ሳይቆይ ለሌላ ሰው ይሳካለት ይሆናል ይላል። ሼሊን የምወድላት ይህንን ነው፤ መካሪ ስታደርገው እንኳ አመሉን አልነጠቀችውም።