የተጋለጠ ሁሉ ተጋላጭ ነው?

ጥያቄ፦ የጤና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ስለ አከርካሪ ቲቢ የተሠራ ጥናት ደርሶኝ ርዕሱን «የደም አመልካቾችና የዘረመል ተጋላጭነት» አልኩት። አርታኢዬ ሁለቱንም አልወደደም። «ተጋላጭነት»ን «በዘር የመተላለፍ ዕድል»፣ «አመልካች»ን ደግሞ «መለያ» በለው አለኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ መጀመሪያ የአርታኢዎን «በዘር የመተላለፍ ዕድል» እንጣለው። ቲቢን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ በሳል ነው፤ ከእናት ከአባት አይወረስም። እንዲህ ተብሎ ቢታተም ያነበበው ሰው የልጁን ሠርግ ሊያስቀር ይችላል! በዘር የሚመጣው በሽታው ሳይሆን፣ በሽታውን በመቋቋም በኩል ሰው ከሰው የሚለያይበት ነገር ነው።

«ተጋላጭነት»ን በተመለከተ ግን እኔም የቆየ ቅሬታ አለኝ። ሥሩ ገለጠ ነው። ገለጠ ደግሞ የገለጸ ወንድም ነው፤ ጸጉርና ጠጉር፣ ጸባይና ጠባይ እንደሆኑት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ጸጉርና ጠጉር አንድ ነገር ሲሆኑ እነዚህን አማርኛ ሥራ አከፋፍሏቸዋል፤ በ«ጸ» ሐሳብ ይገለጻል፣ በ«ጠ» የድስት ክዳን፣ የመጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። ተጋለጠ ስንል እንግዲህ መከለያው ተነሥቶ ብርዱም ፀሐዩም አገኘው ማለታችን ነው። ሰውየው ብርዱን ይችለዋል ወይስ አይችለውም የሚለውን ቃሉ አይነግረንም።

ቲቢ ላይ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባክቴሪያው ገብቶበታል። ከነዚህ በዕድሜያቸው ውስጥ የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው፤ አከርካሪያቸው ድረስ የሚዘልቅባቸው ደግሞ ከታመሙትም ጥቂቶቹ። ለምን እነሱን? ተመራማሪዎች ከሚፈትሿቸው ነገሮች አንዱ የቫይታሚን ዲ ተቀባይን፣ ማለትም ሴል ውስጥ ቫይታሚኑን የሚቀበለውን ፕሮቲን፣ የሚሠራው ዘረመል ነው። በቻይና የአከርካሪ ቲቢ ሕሙማን ላይ «ፎክ አንድ» የሚባለውን የዚህን ዘረመል ልዩነት አይተው ግንኙነት አለው ያሉ አሉ፤ ስለ ዘረመሉና ስለ ቲቢ በየሕዝቡ የተገኘው ውጤት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እንግዲህ ባክቴሪያውን ማግኘት ሌላ፣ አግኝቶ መረታት ሌላ። እኛ ለሁለቱም «ተጋላጭነት» እንላለን።

«ዐውዱ ይለየዋል» የሚሉ ወገኖች አሉ። አይለየውም። «የነርሶች ለቲቢ ተጋላጭነት» ሲባል ነርሶቹ ታማሚ ስለሚቀርቡ ነው ወይስ ሰውነታቸው ስለማይችል? እስቲ ዐውዱ ይመልስልን።

እኔ ብጠየቅ «ዝንባሌ» እል ነበር። ከአዘነበለ ነው፤ ያዘነበለ ግድግዳ የግድ አይወድቅም፣ ግን ከቀናው ይልቅ ለመውደቅ ይቀርባል። ከዚህ የሚስማማ ቃል አላውቅም። ችግሩ «ዝንባሌ» ሲባል ዛሬ ሰው የሚታየው ኳስና ሥዕል ነው፣ «የዘር ዝንባሌ» ያልን እንደሆነ ደግሞ ፖለቲካ ውስጥ ገባን። «ተጠቂነት»ም አይሆንም፤ ተጠቂ ታማሚው ራሱ ሆኗል። ስለዚህ ሳልወድ፣ የእርስዎ «የዘረመል ተጋላጭነት» ይቆይ። ሐኪሙም ሬዲዮውም ይዞታል፣ ከእጃቸው ማን ያስጥላቸዋል? አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፦ ባክቴሪያውን ስለ ማግኘት ሲጽፉ «ለባክቴሪያው መጋለጥ» ይበሉ እንጂ «ተጋላጭነት» አይበሉ።

«መለያ» ፈጽሞ አይሆንም። ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉት የደም ምርመራዎች ሰውነት ውስጥ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሲኖር ከፍ ይላሉ፤ ብግነቱን ያመጣው ቲቢ ይሁን ሌላ ተሐዋሲ ወይም ሪህ አይለዩም። ሕክምናው ሲሠራ ይወርዳሉ፣ ለክትትል ይጠቅማሉ። ቲቢ መሆኑን ለማረጋገጥ ግን ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። የማይለይን ነገር መለያ ማለት ምን ይሉታል?

«አመልካች» ደህና ነው፤ ከተመለከተ ጋር አንድ ሥር ስለሆነ አመለከተ ማለት «ተመልከት» ብሎ ማሳየት ነው። እኔ ግን አልወደውም፣ ማመልከቻ ይዞ መስኮት ላይ የተሰለፈ ሰው ይመጣብኛል። «የደም ጠቋሚ» ይሻለኛል። በዕድሜ ጠና ያሉ አንባቢዎች የቀበሌ ጆሮ ጠቢ ትዝ ይላቸው ይሆናል፤ ይበላቸው፣ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው። የጠቋሚ ወሬ ሳይጣራ አይታመንም።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። «ቲቢ» ማለትዎ ትክክል ነው። በቀደም «የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ» የሚል ርዕስ አነበብኩ። አከርካሪ ሳንባ ከየት አመጣ? ሳንባውን አውጥተው «የአከርካሪ ነቀርሳ» ቢሉት ደግሞ አንባቢው ካንሰር ነው ብሎ ይደነግጣል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት «የፖት በሽታ» የሚሉም አሉ፤ ግን ይህን ከሐኪም በቀር ማን ያውቀዋል? «ቲቢ» ሁለት የፈረንጅ ፊደል ነው፣ ለጆሮዬም አይጥመኝም። ቢሆንም እሱን ይጻፉ።