አንጎል፣ አእምሮ፣ ኅሊና፦ የቱን የት እንጻፍ?

ጥያቄ፦ ስለ አእምሮና ስለ ሕይወት ምንነት የሚመራመሩ ሳይንቲስቶችንና ፈላስፎችን የሚመለከት ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ቃል እንዳይደጋገም ብዬ አንዱ ቦታ «አንጎል»፣ ሌላው ቦታ «አእምሮ»፣ አንዳንዴም «ጭንቅላት» እላለሁ። ይሄ ችግር አለው? ደግሞ አርታኢዬ «ኅሊና» ያልኩትን ሁሉ ሰርዞ «ንቃተ ኅሊና» አድርጎብኛል። «ሳይንቲስቱን ኅሊናው አልፈቀደለትም» ያልኩትን እንኳ አልማረውም። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ከማቀያየሩ ልጀምር። እባክዎ ይተዉት። ጉዳዩ ሌላ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። «ጭንቅላት ያለው ልጅ ነው» አልን፣ «አእምሮው ብሩህ ነው» አልን፣ ሰው ይግባባል። እርስዎ የያዙት ጽሑፍ ላይ ግን ክርክሩ ራሱ የተቀመጠው በእነዚህ ቃላት መካከል ነው። አንጎልና አእምሮ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ሰዎቹ ስንት መቶ ዓመት የተጨቃጨቁበትን ነገር፣ ቃል ላለመድገም ብሎ አንዱን በሌላው የተካ ተርጓሚ ሳይታወቀው ፈርዶበት ቁጭ ይላል።

አንጎል አካል ነው። ይመዘናል፤ የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ዕጢ ይወጣበታል፣ ደም ይፈስበታል፣ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። አእምሮ ላይ ዕጢ አይወጣም። ሕክምናውም ቢሆን «የአንጎል ቀዶ ጥገና» እና «የአእምሮ ሕክምና» ተብሎ ከተለየ ቆይቷል፣ ማንም አያምታታውም። ስለዚህ ሲጠራጠሩ ግሡን ይዩት። ካሚሎ ጎልጂና ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በማይክሮስኮፕ ያዩት አንጎልን ነው፣ በ1906 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉትም በዚሁ ሥራ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በነገራችን ላይ ካሃል የተጠቀመው ጎልጂ በፈለሰፈው የማቅለሚያ ዘዴ ነበር፤ በዚያው ዘዴ ግን የነርቭ ሴሎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የቆሙ መሆናቸውን አሳይቶ፣ ሁሉም እንደ አንድ መረብ የተያያዘ ነው የሚለውን የጎልጂን ሐሳብ ገደል ከተተው። እንዲህ ያለው ታሪክ ውስጥ «የአእምሮ ሴሎች» የሚል ነገር ሲገባ ደስ አይልም። ሴል ያለው አንጎል ነው።

አሁን ወደ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ወደ ዴካርት እንሂድ። ዴካርት በ1641 ባሳተመው መጽሐፍ አካል ቦታ ይይዛል፣ ይከፋፈላል፤ አእምሮ ግን ቦታ አይዝም፣ አይከፋፈልም ይላል። ይሄንን «አንጎል ቦታ አይዝም» ብለው ቢመልሱት ሰውየውን እብድ አደረጉት ማለት ነው። ተቃራኒውን ወገን ደግሞ እንይ። ፍራንሲስ ክሪክ፣ በ1953 ከጄምስ ዋትሰን ጋር የዲኤንኤን ቅርጽ የደረሰበት ሰው፣ በኋላ ፊቱን ወደ አንጎል አዙሮ ነበር። የሱ አቋም ባጭሩ አእምሮ ማለት የነርቭ ሴሎች ሥራ ነው፣ ሌላ የተደበቀ ነገር የለም የሚል ነው። እንግዲህ ልብ ይበሉ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ የሚከራከረው ሰው ራሱ ሁለት ቃል ያስፈልገዋል። አንዱን ከነጠቁት «አንጎል ማለት አንጎል ነው» ብሎ ዝም ማለቱ ነው።

«አእምሮ» ለዚህ ሥራ የተመቸ ቃል ነው። ከግዕዙ «አእመረ» የመጣ ነው፣ «አወቀ» ማለት ነው። ስለዚህ አእምሮ ከመነሻው የድርጊት ስም እንጂ የአካል ስም አይደለም። «ጭንቅላት»ን ለጨዋታ ይተዉልን።

ጽሑፍዎ ወደ አርስቶትል ከሄደ ደግሞ «ልብ» ይመጣብዎታል። አርስቶትል የስሜትና የማስተዋል ማዕከል ልብ ነው፣ አንጎል ሙቀትን የሚያበርድ ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር። ሳይንሱ ከዚህ ሐሳብ ከወጣ ስንት ዘመኑ! አማርኛ ግን አሁንም ከአርስቶትል ጋር ነው። ልብ እንላለን፣ ልብ እንገዛለን፣ «ልቡ ያውቀዋል» እንላለን፤ ትምህርቱን እንኳ ሥነ ልቦና ነው ያልነው። እንዲህ ዓይነቱን አነጋገር ከጽሑፍዎ ያውጡ አልልም። አርስቶትልን በሚያወሱበት አንቀጽ ላይ ብቻ አንባቢ የደም ልብና የማስተዋል ልብ እንዳይምታታበት ጠንቀቅ ይበሉ።

ወደ አርታኢዎ ልምጣ። ግማሽ እውነት አላቸው። «ኅሊና» ከግዕዙ «ኀለየ» የወጣ ነው፣ «አሰበ» ከማለት። ዛሬ ግን ሰው ቃሉን ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣበት ዳኛው ነው፦ ኅሊና ቢስ፣ የኅሊና ወቀሳ፣ የኅሊና እስረኛ። «ኅሊናውን ስቶ ወደቀ» ስንል ብቻ የቆየው ትርጉም ብቅ ይላል። ስለዚህ የሳይንቲስቶቹን ጥናት «የኅሊና ጥናት» ብንለው የሥነ ምግባር ጉዳይ ይመስላል። እዚህ ላይ «ንቃተ ኅሊና» ይሻላል፣ አርታኢዎ ልክ ናቸው። «ኅሊናው አልፈቀደለትም» የሚለውን ግን መንካት አልነበረባቸውም። «ንቃተ ኅሊናው አልፈቀደለትም» ብሎ ነገር የለም። ሰውየው ራሱን የሳተ ነው የሚመስለው።

«ንቃተ ኅሊና»ም ቢሆን ችግር አያጣም። አንደኛ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንባቢዎች ጆሮ ውስጥ ቃሉ ከአብዮቱ ዘመን ጋር ነው የሚያያዘው፤ «ንቃተ ኅሊናው የዳበረ ወጣት» ሲባል ስንት ስብሰባ ተቀምጠዋል። ሁለተኛውና የሚከብደው፣ «ንቃት» ከእንቅልፍ መንቃትን ያስታውሳል። ተኝቶ ሕልም የሚያይ ሰው ግን አልነቃም፣ ሆኖም ያያል፣ ይፈራል፣ ይደሰታል። ፈላስፎቹ የሚጠይቁት ይሄንን ነው። ቶማስ ኔግል በ1974 የሌሊት ወፍን ምሳሌ አድርጎ ያነሳው ጥያቄ ወፏ ነቅታለች ወይስ ተኝታለች የሚል አይደለም። በድምፅዋ ነጸብራቅ መንገድዋን እየፈለገች ስትበር ለራሷ፣ ከውስጥ፣ ምን ይመስላታል ነው። ዴቪድ ቻልመርስም በ1995 «ከባዱ ችግር» ያለው የአንጎል ሥራ እንዴት ከውስጥ የሚሰማ ነገር ይሆናል የሚለውን ነው።

ለዚህ አማርኛ ስም ፍለጋ ባይደክሙ ይሻላል፣ ግስ አለን። «ይሰማኛል» እና «ይታወቀኛል»። በተለይ ሁለተኛውን እወደዋለሁ። «መርፌው ሲወጋኝ አልታወቀኝም» ስንል መርፌው አልወጋኝም ማለታችን አይደለም፤ ተወግቻለሁ፣ ነርቩም ሥራውን ሠርቶ ይሆናል፣ እኔ ዘንድ ግን አልደረሰም። ከባዱ ችግር የተባለው ነገር እኮ በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ! ስለዚህ «ንቃተ ኅሊና»ን ይጠቀሙ፤ ግን መጀመሪያ ሲያመጡት «አንድ ነገር ለባለቤቱ ከውስጥ የሚታወቅበት ሁኔታ» ዓይነት ማብራሪያ ያስከትሉለት። ከዚያ በኋላ አንባቢው፣ የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ በ1998 ንቃተ ኅሊናን የሚያስገኘው የአንጎል እንቅስቃሴ በ25 ዓመት ውስጥ ይገኛል ብሎ ከቻልመርስ ጋር በወይን ጠጅ ተወራርዶ በ2023 መረታቱን ሲያነብ፣ ለምን እንደተረታ ይገባዋል።

ስለ «ሕይወት» ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ልበል። ኤርቪን ሽሮዲንገር በ1943 ደብሊን ውስጥ ንግግር አድርጎ በ1944 መጽሐፍ ያደረገው «ሕይወት ምንድን ነው?» የሚል ርዕስ ነበረው። በአማርኛ እንዲሁ ከተጻፈ ፊዚሲስቱ ስለ ትዳርና ስለ ኑሮ የሚመክረን ይመስላል፤ «ሕይወት» ከ«ኑሮ» ጋር በጣም ተቀራርቧልና። ርዕሱን ባይነኩትም ውስጡን «አንድን ነገር ሕያው የሚያሰኘው ምንድን ነው?» ብለው ይጻፉት። የቺሊዎቹ ባዮሎጂስቶች ሁምቤርቶ ማቱራናና ፍራንሲስኮ ቫሬላ ሕያው ነገር ራሱን በራሱ የሚሠራ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ «ራሱን የሚያባዛ» እንዳይሉ፤ በቅሎ አትወልድም፣ ሕያውነቷን ግን የሚጠራጠር የለም።

«ነፍስ»ን ደግሞ በቁጠባ። «ነፍስ ያለው» ሲባል ሕያው ማለት ነው፣ «ነፍስ አወቀ» ሲባል ማስተዋል ጀመረ፣ «ነፍሱን አያውቅም» ሲባል ራሱን ስቷል፤ አንድ ቃል ሕይወትንም ንቃትንም ይዟል። ለአርስቶትል ይሆናል፣ እሱ ለተክልም ነፍስ ይሰጣል። ለክሪክ ግን አይሆንም።

በመጨረሻም የብዙ ቁጥሩ ነገር። «አእምሮዎች» ቢሉ ሰዋስው አይከለክልዎትም፣ ጆሮ ነው የሚከለክለው። ፈላስፎቹ ሌላው ሰውም እንደኔ አእምሮ ያለው መሆኑን በምን አውቃለሁ ብለው የሚጠይቁትን «የሌሎች አእምሮዎች ጥያቄ» ከማለት «የሌሎች ሰዎች አእምሮ ጥያቄ» ይበሉት።