የፊትና የኋላ ጎማ ሳይዝ ቢለያይ ችግር አለው? የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ሰላም ሰላም፣ ስለ ጎማ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ አብዛኛው ጥያቄ አንድ ቦታ ነው የሚገናኘው፣ ፊትና ኋላ የተለያየ ሳይዝ ማሰር። መልሱ ደግሞ ለሁሉም መኪና አንድ አይደለም ስለዚህ በየመኪናው እንሂድ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ፊት 175/65R14 ነው፣ ኋላ ግን ጎሚስታው 185/70R14 አስሮልኛል፣ ቸርኬው ያው 14 ስለሆነ ምንም አይልም አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አይ፣ ቸርኬው ላይ ገባ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። 14 የሚለው የቸርኬው ዲያሜትር ነው በኢንች። 175 የጎማው ወርድ ነው በሚሊሜትር፣ 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 ፐርሰንት ነው ለማለት ነው። እነዚህን ስታሰላቸው የፊቱ ጎማህ ከላይ እስከታች 583 ሚሊሜትር አካባቢ ይመጣል፣ የኋላው 615። 3 ሳንቲም ትንሽ ይመስላል ግን ዙሪያው ወደ 10 ሳንቲም ነው የሚለያየው፣ አንድ ኪሎሜትር ስትነዳ የፊቱ 546 ጊዜ ሲዞር የኋላው 518 ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው። ሂሳቡ ካልተመቸህ ጠመኔ ያዝ፣ ጎማው መሬት የነካበት ላይ ጎማውንም አስፋልቱንም ምልክት አድርግ፣ ምልክቱ ዞሮ መሬት እስኪነካ መኪናውን ቀስ አድርገህ ግፋና በሜትር ለካ፣ ለፊትም ለኋላም አድርገው ልዩነቱን በአይንህ ታየዋለህ።

ቪትዝህ በፊት ጎማ ብቻ የምትነዳ ከሆነች ካምቢዮው በዚህ አይጎዳም። ችግሩ ኤቢኤሱ ነው፣ ማለትም ፍሬን ስትይዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው፣ እሱ የአራቱን ጎማ ፍጥነት እያወዳደረ ነው የሚሰራው፣ ይህን ያህል ሲለያይበት መብራት ሊያበራ ወይ ፍሬን ስትይዝ ያለቦታው ሊገባ ይችላል። ኋላ ሰው ሞልተህ ጉድጓድ ስትገባ ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል። ወደ 175/65 መልሰው። ካጣህ 165/70R14 ፈልግ፣ እሱ 587 ስለሆነ በጣም ይቀርባል፣ ግን ግራና ቀኙ አንድ አይነት ይሁን፣ ጎማው ላይ የተጻፈው የጭነት ቁጥርም በር ላይ ከተለጠፈው አይነስ።

ጥያቄ፦ ራቭ4 ፎር ዊል ነው፣ ፊት አዲስ 225/65R17 አሰርኩ ኋላ የቆየው 235/65R17 ነው። በ10 ሚሊሜትር ምን ይመጣል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ግን አጥብቄ ነው የምናገረው፣ ይሄን አታድርጉ። 10 የተለያየው ወርዱ ነው፣ ዲያሜትሩ 13 ሚሊሜትር ወደ 2 ፐርሰንት ይለያያል። በራስዋ ጊዜ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የምታስተላልፍ መኪና ፊትና ኋላ የተለያየ ፍጥነት ስታይ ጎማ የተንሸራተተ ይመስላታል፣ መሀል ያለው ክላች እየያዘ እየለቀቀ ይግላል፣ ቀጥ ባለ ደረቅ አስፋልት ላይ እንኳን እረፍት የለውም። ሁለት ጎማ ለመቆጠብ ተብሎ ክላቹ ወይ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) ቢሄድ የሚከፈለው ብር ከአራት ጎማም በላይ ነው፣ እቃውም በቀላሉ አይገኝም፣ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ደግሞ ሳይዙ አንድ ሆኖም ልዩነት ይኖራል። አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ያለቀው 2 ከሆነ ዲያሜትሩ 12 ሚሊሜትር ቀንሷል ማለት ነው፣ ይሄ ካንተ ልዩነት ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ፎር ዊል መኪና ላይ አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፣ በየ10 ሺህ ኪሎሜትሩ ፊትና ኋላ አቀያይሩ፣ እኩል ያልቃሉ። መጀመሪያ ግን መኪናችሁ ከስር ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ እንዳላት እዩ፣ ራቭ4 ሁሉ ፎር ዊል አይደለም።

ጥያቄ፦ ሃይሉክስስ?

መልስ፦ በኋላ ጎማ ብቻ እየነዳህ ከሆነ ትንሽ ልዩነት ይችላል። 4H፣ ማለትም ፎር ዊሉን ካስገባህ ግን ፊትና ኋላው ይቆላለፋል፣ ጎማው የተለያየ ከሆነ ጭቃ ላይ እንኳን ትራንስፈሩን (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን) ያስጨንቀዋል። ጎማህ እኩል ቢሆንም ደረቅ አስፋልት ላይ 4H አትንዳ።

ጥያቄ፦ ሁለት ብቻ ነው የምገዛው፣ ኮሮላ ናት፣ ሳይዙ አንድ ነው። አዲሱን ፊት ነው ኋላ?

መልስ፦ ኋላ። እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ነው የሚያስረው፣ መሪውና ሞተሩ ፊት ስለሆነ፣ ሚሽሊንን ጨምሮ ትልልቆቹ አምራቾች ግን ኋላ እሰሩ ነው የሚሉት። ምክንያቱ ዝናብ ነው። የፊቱ ውሃ ላይ ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ነዳጁን ስትለቅ ትይዘዋለህ። የኋላው ከለቀቀ ግን መኪናው ይዞራል፣ ክረምት ላይ ጣርማበርን እየወረድክ ኋላው ከዞረ ለማረም ጊዜ የለህም። በጣም ያለቀ ጎማ ግን ፊትም ኋላም አይታሰርም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የፎልክስዋገኗን ኤሌክትሪክ መኪና አይዲ 4 ገዛሁ፣ ባለ 20 ቸርኬ ነው፣ ፊቱ 235/50R20 ኋላው 255/45R20 ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ አታለለኝ?

መልስ፦ አላታለለሽም እህቴ፣ ከፋብሪካው እንደዚያ ነው። ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ሰፊውን ኋላ አድርገውታል። ስታሰይው ፊቱ 743 ኋላው 737.5 ነው፣ ወርዱ ቢለያይም ቁመቱ ተቀራርቧል፣ መኪናውም የተሰራው ይሄን አውቆ ነው። ቢኤምደብሊውም ላይ እንዲህ አይነት አለ። ብቻ ጎሚስታ ጋ ስትሄጂ የፊቱን ወደ ኋላ እንዳያዞርብሽ ቀድመሽ ንገሪው፣ ሲገዛም ሁለት ሁለት ነው።

ጥያቄ፦ አይሱዙ ላይ ኋላ ጥንዱ ቢለያይስ? 7.50-16 ነው፣ ውስጡ አሮጌ ውጪው አዲስ።

መልስ፦ ጋሼ ይሄ ከሁሉም የባሰ ነው። ጥንዱ አንድ ላይ ነው የሚዞረው፣ ትልቁ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ትንሹ መሬቱን እየተጎተተ ይበላል። ትልቁ ግሎ ይፈነዳል፣ ብዙ ጊዜም ሙሉ ጭነት ይዞ ቆላ መንገድ ላይ ነው። ሁለቱን አሮጌ ባንድ ጎን ሁለቱን አዲስ በሌላው ጎን ይሰሩ፣ ንፋሱንም እኩል ያድርጉ፣ ውስጠኛው ሳይታይ ንፋሱ ስለሚጎድል በየጉዞው በጌጅ ይለኩት።

ጥያቄ፦ ስኮርታዬ ቀጭን ናት፣ የፊት ጎማ ቢፈነዳ እዚያው ልሰራት?

መልስ፦ ፊት በሚነዳ መኪና ላይ አይመከርም። ትንሽ ልፋት አለው ግን ደህናውን የኋላ ጎማ ፈተህ ፊት እሰረው፣ ቀጭኗን ኋላ አድርጋት። ከ80 በላይ አትንዳ፣ ንፋሷን 60 ፒኤስአይ ነው የምትፈልገው፣ አብዛኞቹ ላይ ጎኗ ላይ ተጽፏል። ለዓመታት ሻንጣ ውስጥ ስለምትቀመጥ ሲያስፈልግ ባዶ ሆና ነው የምትገኘው፣ ዛሬ አውጥተህ ለካት።