ደላላው ሽማግሌ ልኮብናል

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከገንደ ቆሬ ነው። ታናሽ እህቴን የሰፈራችን ደላላ «ሳዑዲ ቤት ሠራተኛ ትሆኛለሽ፣ የመንገዱን ሠርተሽ ትከፍያለሽ» ብሎ በጅቡቲ በኩል ላካት። ባሕሩን ተሻግራ የመን ስትገባ አገቷት። እየደበደቡ ያስደውሏት ነበር። ጩኸቷን አልቻልንም፤ እናቴ ወርቋን፣ እኔ ባጃጄን ሸጠን ላክን። ሳዑዲም ገብታ ያለ ደመወዝ ሠራች፤ በመጨረሻ ታስራ በአውሮፕላን ተመለሰች።

አሁን ሌሊት አትተኛም። የማንም ስልክ ሲጠራ ሮጣ ጓዳ ትገባለች። ዘመድ «ባዶ እጇን መጣች» ይላል። ደላላው ደግሞ «ፈልጋ ነው የሄደችው፤ ግማሹን ልመልስና እንታረቅ» ብሎ ሽማግሌ ልኳል። እናቴ «ጎረቤት ነው፣ እንቀበል» ትላለች። ፖሊስ ጋ ልሂድ ስል እህቴ አለቀሰች። ምን ይሻላል?
ታላቅ ወንድሟ

መልስ

ወንድሜ፣ «ፈልጋ ነው የሄደችው» የሚለው ቃል ከቤታችሁ ይውጣ። እህትህ የፈለገችው ሠርታ እናንተን መደገፍ ነው። ታግቶ መደብደብን፣ ያለ ክፍያ መሥራትን ማንም አይፈልግም። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም የተጎጂውን መስማማት ለተከሳሹ መከላከያ አያደርግለትም።

ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ስንት ደም አድርቋል። ይህ ግን የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ የሚከስበት ወንጀል እንጂ የጎረቤት ጠብ አይደለም። ግማሹን ገንዘብ ተቀብላችሁ «ታርቀናል» ብላችሁ ብትፈርሙ፣ ሰውየው ነገ የሌላ ቤት ልጅ ይልካል። በጭራሽ እንዳትፈርሙ።

ፖሊስ ጋ መሄዱን ግን እሷ ሳትፈቅድ አታድርገው። እዚያ አጋቾቿ በድምጿ እንደፈለጉ ሲነግዱ ነበር፤ እዚህም ሰው ከወሰነላት ያው ነው። ምን እንደምትፈራ ጠይቃት። ደላላው ይበቀለናል ብላ ይሆናል፤ በሕገ ወጥ መንገድ ወጥተሻል ተብዬ እታሰራለሁ ብላም ይሆናል። ሕጉ የሚያያት እንደ ተጎጂ እንጂ እንደ ጥፋተኛ አለመሆኑን ንገራት። እስክትወስን ድረስ ገንዘብ የላካችሁበትን ደረሰኝ፣ የደላላውን ስልክ ቁጥርና መልእክቶቹን አስቀምጥ።

እንቅልፍ ማጣቷና መደንገጧ እብደትም ቅብጠትም አይደለም። የደረሰባት ነገር የተወው ቁስል ነው፤ ይታከማል። ስልኮቻችሁን ድምፅ አልባ አድርጓቸው፤ ሲደወልም ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ንገሯት። እዚያው ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዳት። ጠበልም ሆነ ዱዓ አልከለክልም፣ ሕክምናውን ግን አይተኩም። በመንገድ ላይ ሴት ልጅ ብዙ ነገር ይደርስባታል። እናንተ አትጠይቋት፤ ሴት ሐኪም ብቻዋን ታናግራትና ሙሉ ምርመራ ታድርግላት።

የባጃጁ ነገር እንደሚያንገበግብህ ይገባኛል። እንጀራህ ነበር። እሷ ፊት ግን አታንሳው፤ ለእሷ የተሸጠውን ሁሉ ቀን ከሌት እየቆጠረች ነው። «ባዶ እጇን መጣች» የሚል ዘመድም ካለ፣ እሷ በሌለችበት አንተ መልስ ስጠው።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ እናታችሁ ብቻቸውን አይቀበሏቸው፤ አንተም ተቀመጥ። ቡና ጠጥተው ሲጨርሱ «እሷ ሳትወስን የምንነጋገረው ነገር የለንም» ብለህ በክብር ሸኛቸው።