ፈንጂው ሥራውን ሠርቷል ወይ? ጥያቄና መልስ ስለ አለት ፍንዳታ

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ የትኛው ፈንጂ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ዓይነት አለት? ፈንጂው የሚሞላበት ጉድጓድ ስፋት ስንት ነው? ውሃ አለው? ይህን ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስልህ?

ጥያቄ፦ የአምራቹ ወረቀት የፍንዳታ ፍጥነቱ (ፍንዳታው በፈንጂው ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት) በሰከንድ 5,500 ሜትር ነው ይላል። እኛ ጉድጓድ ውስጥ ስንለካው 4,600 ሆነ። ተታለልን?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው! የግድ አልተታለላችሁም። ፍጥነቱ በጉድጓዱ ስፋት፣ በአለቱ ጥንካሬ፣ በፈንጂው እፍጋትና በማስነሻው ይለያያል። ጉድጓዱ ሲጠብ ይቀንሳል። ከተወሰነ ስፋት በታች ፍንዳታው ጭራሽ ይቋረጣል። ስለዚህ የወረቀቱ ቁጥር በስንት ሚሊሜትር ስፋት እንደተለካ ጠይቁ። በአንድ ጉድጓድ ብቻም አትፍረዱ።

እኔ የምወደው በጉድጓዱ ሙሉ ርዝመት የሚዘረጋውን የመለኪያ ገመድ ነው። ፍንዳታው እየገፋ ገመዱን ያሳጥረዋል፤ መሣሪያው ይመዘግባል። የርቀትና የጊዜው መስመር ቀጥ ካለ ፍጥነቱ አልተዋዠቀም። መሃል ላይ ከታጠፈ እዚያ ጋ ችግር አለ፦ ውሃ ገብቷል፣ ወይም የቁፋሮ ትቢያ ተቀላቅሏል። አንድ አማካይ ቁጥር ይህን አያሳያችሁም።

ጥያቄ፦ ብርቱካናማ ጭስ ወጣ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ፈንጂው በቅጡ እንዳልፈነዳ ያሳያል። አንፎ (ከአሞኒየም ናይትሬትና ከናፍጣ የሚቀላቀለው ፈንጂ) ውሃ ሲነካው ይህ የተለመደ ነው። ጋዙ ሳንባ ይጎዳል፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የፍንዳታ ኃላፊው ሳይፈቅድ ማንም አይጠጋ!

አንድ የውይይት ቡድኑ አባል፦ ፍጥነት ከፍ ካለ ድንጋዩ ይደቃል፣ አለቀ።

ሌላ አባል፦ አያልቅም ወንድሜ። የኛ አለት ስንጥቅ ይበዛዋል፤ በአንፎ የተሻለ ወጣልን።

የመጀመሪያው፦ በጉድጓዶቹ መካከል ያለውን ርቀት አጥብባችሁ ይሆናላ!

ሁለተኛው፦ ትንሽ አጥብበናል፣ ግን...

መልስ፦ በቃ፣ ንጽጽሩ ተበላሸ። ፈንጂውን ስትቀይሩ ሌላ ምንም አትንኩ። ስንጥቅ በበዛበት አለት የጋዙ ግፊት ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ፍጥነት ብቻውን አይነግራችሁም። የተፈነዳውን ድንጋይ ክምር መጠኑ ከሚታወቅ የመለኪያ ኳስ ጋር ፎቶ አንሱ፣ የስብርባሪውን መጠን አነጻጽሩ።

ጥያቄ፦ ንዝረትስ?

መልስ፦ በጂኦፎን፣ ማለትም በመሬት ንዝረት መለኪያ መሣሪያ፣ ይለካል። ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፣ ሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ በአጭሩ የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ከላይ መለስኩ እኮ! ስፋቱን፣ አለቱን፣ ውሃውን ጻፉልኝ። ደግሜ እላለሁ፦ ጭሱ ሳይጠራና ኃላፊው ሳይፈቅድ ለመለካት ብላችሁ እንዳትገቡ።